ጠፋ ከማለትህ በፊት ተንበርከክ

የመምህርት የሻረግን ማረፍ የሰማሁት ከልጄ አፍ ነው። ስልኩን በእጇ ይዛ ወደ ተኛሁበት መጣችና «አባዬ፣ ከኮኪት ነው የተደወለ» አለችኝ። ከኮኪት የሚደወልልኝ ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ «ሙቀቱ ጨረሰን» ለማለት፣ ወይ ሰው ሞተ ለማለት። ሙቀቱን ሲያማርሩ ልጄ ትስቃለች። ያን ጠዋት አልሳቀችም።

ከአዘዞ ሚኒባስ ልሳፈር ስነሣ ደም ብዛት እንዳለብኝ፣ ቆላውን እንደማልችለው፣ የመኪናው መቀመጫም እንደማይበቃኝ በተራ ነገረችኝ። እውነቱ የመጨረሻው ብቻ ነበር። ረዳቱ ለሁለት ሰው የተሠራ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፤ ትንሽ ሲያየኝ ቆየና ሌላ ሰው ሳይጨምርብኝ በሩን ዘጋው። ደግ ልጅ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ሸሕዲን ስናልፍ መስኮቱ የምድጃ አፍ ሆነ፤ እኔም የምድጃው ዳቦ።

ኮኪት ስደርስ ቀብሩ አልፏል። ድንኳኑ ግቢዋ ውስጥ ተተክሎ፣ ወጣቱ ርዕሰ መምህር መሐል ላይ ቆሞ ይናገራል። መልካም ልጅ ነው፤ ንግግሩ አልቆም ማለቱን ሳይ እኔ ሳላስተምረው አልቀርም አልሁ። «እንደ መምህርት የሻረግ ያለ ሰው» አለ፣ «ዛሬ ዘሩ ጠፍቷል።» ከኋላዬ የተቀመጡ ሴቶች ደግሞ «እሷም ዘር ሳትተካ» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ልጅ አልወለደችም ማለታቸው ነው።

እኔ ለቅሶ ቤት የምቆጣ ሰው አይደለሁም፤ ለቅሶ ቤት የምበላ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን ንፍሮው እጄ ላይ ቀረ። ጠፋ? በየሻረግ ድንኳን ውስጥ? እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ከዚህች ቃል ጋር ስትደባደብ ኖራ፣ አፈሯ ሳይደርቅ በራሷ ግቢ ይሏታል? ተነሥቼ ወጣሁ። ያም ቢሆን ለመነሣት ወንበሩን ሁለት ጊዜ ይዤው ተነሥቻለሁ፤ ቁጣዬ ከሆዴ ቀድሞ ነበር የቆመው።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። እሷ ባዮሎጂ፣ እኔ ጂኦግራፊ፣ ጎን ለጎን በተሠሩ ክፍሎች ስናስተምር ነው ያረጀነው። ቁመቷ አጭር ነበር። አጭር ስል ሰሌዳው ላይ እጇ የሚደርሰው እስከ ግማሹ ነው፤ ከላይ ያለው ግማሽ ሳይነካ ይውላል። የዚያን ጊዜው ርዕሰ መምህር አዝኖ በርጩማ ቢያስመጣላት «ልጆቹ ተቀምጠው ነው የሚያዩኝ፤ እኔን ከፍ ማድረግ ምን ያደርግላቸዋል?» ብላ መለሰችለት። በርጩማውን እኔ ወሰድሁት። ሳምንት አልቆየም፣ ተሰበረ።

የምትወደው ጥንዚዛ ነበር። ከትልቁ ዓለም ውስጥ ዓይኗ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ትንሽ ነገር ስታይ ትንፋሿን ትይዛለች፤ እፍ እንዳትልባት ነው። ሰው ሰላም ቢላት እንኳ እስክትጨርስ አትመልስም፤ አገሩ ስለለመዳት ማንም አይቀየማትም። አንድ ጊዜ፣ ገና ጫካው ሳይመነጠር፣ ወንዝ ዳር ከወደቀ የግራር ልጥ ሥር የሰሊጥ ፍሬ የምታክል፣ ጀርባዋ እንደ ናስ የሚያብረቀርቅ ጥንዚዛ አገኘች። የክብሪት ቀፎ ከቦርሳዋ እስክታወጣ አመለጠቻት። ከዚያ ወዲህ ጫካው እርሻ ሆነ፣ ጥንዚዛዋም አልታየችም። ቀፎው ግን ውስጡ ጥጥ ተነጥፎለት ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠ፤ እንግዳ እንደሚመጣ ቤት።

«ኧረ ጠፍታለች፣ ተያት» እላታለሁ።

«ጠፋ ከማለትህ በፊት ተንበርከክ» ትለኛለች።

እኔን ተንበርከክ ማለት ዝሆንን ዝለል ማለት ነው። እሷ ግን አታዝንልኝም ነበር።

አንድ ቀን የዓለም ካርታዬን ልትዋስ መጣችና ታዝማኒያ የት ናት አለችኝ። ከአውስትራሊያ በታች ያለችውን ደሴት በጣቴ አሳየኋት፤ ጣቴ ደሴቲቱን ከነባሕሯ ሸፈናት። አይታ «ና እንግዲያው፣ አንተም ታስፈልገኛለህ» አለችኝ። እኔ ሞኙ ካርታውን ልታስይዘኝ መስሎኝ ተከተልኋት። ክፍሏ ውስጥ ከሰሌዳው አጠገብ አቆመችኝና ድሮ በታዝማኒያ ይኖር የነበረ አንድ አውሬ መሳል ጀመረች። ራሱ የውሻ ነው፤ ጀርባው እንደ ሜዳ አህያ መስመር መስመር አለበት፤ ሆዱ ላይ ኪስ አለው። እናቲቱ ግልገሏን የምታሳድገው በዚያ ኪስ መሆኑን ነገረቻቸው። «ኪሱ ምን እንደሚመስል በዓይኔ ካላየሁ የሚል ካለ» አለችና በጠመኔዋ ወደ ሆዴ አመለከተች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሜ ቲቸር ታዝማኒያ ነው። እናቴ ያወጣችልኝን ስም ኮኪት ላይ ብትጠሩ የሚያውቅላችሁ የለም።

ልጆቹ ስቀው ሲጨርሱ ከአውሬው እግር ሥር በጠመኔው ጫፍ አንዲት ነጥብ ነካ አደረገች። ጥንዚዛዋ ናት። ከሁለቱ የጠፋው የትኛው ነው ብላ ጠየቀች። «ትልቁ» አሉ ባንድ ድምፅ። ስላልታየ ነው? አለች።

«እያዩት ነው የጠፋ» አለች። ከአውሬው ዘር የመጨረሻው በሽቦ አጥር ውስጥ ታጥሮ፣ ሥጋ እየተጣለለት፣ ሰው እየመጣ እያየው ነበር። ኋላ ላይ አዘኑ፣ ፎቶውን ሰቀሉ። «ይህችን ግን ማንም አያያትም። ማንም ስላላያት ደግሞ ሞተች አይባልም። ማየትና መፈለግ ሁለት ናቸው። ጻፉ።»

ከኋላ አንዱ ተነሥቶ ጥንዚዛዋም የምር ጠፍታ ቢሆንስ አላት። ጥያቄው ደስ አላት። «ሊሆን ይችላል» አለችው። «እንዲያ ለማለት ግን መጀመሪያ ጉልበትህ አፈር ይንካ።»

እኔ ይህን ሁሉ እንደ ጨዋታ ነበር የሰማሁት። አያ ታከለ እስኪመጡ ድረስ።

አያ ታከለ የመጡት በጥቅምት፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት፣ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ኮኪትን ሞልቶ በሚያፈስሳት ሰሞን ነው። የጋይንት ሰው ናቸው፤ ረዥም፣ ከዘራ የያዙ፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ። ልጃቸው ምናለ ባለፈው ዓመት ለአጨዳ ወርዶ አልተመለሰም። እርሻ ለእርሻ እየዞሩ «ምናለ ታከለን ታውቁታላችሁ?» ሲሉ ሰንብተዋል፤ ሁሉም «አናውቀውም» ብሏቸዋል። አገር ቤት ያለው ዘመድ ሞቷል፣ አልቅሰን እርማችንን እናውጣ እያለ ነው። እናቱ ብቻ ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም ብላ አንቃ ይዛቸዋለች። እሳቸውም አጨዳው እስኪያልቅ ካላገኙት ተመልሰው ለቅሶ ሊቀመጡ ለዘመድ ቃል ሰጥተው ነው የወረዱ። ወደ ትምህርት ቤት የመጡት በመጨረሻ፣ የሚለጠፍ ማስታወቂያ እንድንጽፍላቸው ነው።

ጽሕፈቴ ቆንጆ ስለሆነ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ከሰውነቴ ቆንጆ ነገር ቢፈለግ እሱ ብቻ ነው። ጠይም፣ ቀጭን፣ መካከለኛ ቁመት፣ ብዬ ጻፍሁ። የሻረግ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችና «ይህ እኮ ቆላውን በሙሉ ነው የሚፈልግ» አለች።

ከዚያ አያ ታከለን ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። እዚህ አገር «አናውቀውም» ማለት የለም ማለት እንዳልሆነ ነገረቻቸው። እውነቷን ነው። እርሻ ላይ ሰው የሚጠራው በአገሩ ነው፤ ጋይንቴው የሚባል ደግሞ በየካምፑ አይጠፋም። ስሙን የሚያውቅ ቢኖርም አይናገርም። ቆላ የሚወርደው ሁሉ ለሥራ ብቻ አይወርድም፤ ደም ያለበት አለ፣ ከትዳሩ የኮበለለ አለ፣ ከአባቱ የተጣላ አለ። እንግዳ መጥቶ የሰው ስም እየጠራ ሲጠይቅ አላውቀውም ማለት እኛ ዘንድ ውሸት አይባልም፤ ጨዋነት ነው። አያ ታከለ ያን ሁሉ ጊዜ ጨዋነትን እንደ መርዶ ሲሰሙ ነበር የሰነበቱ።

«ስሙን ይተውት» አለቻቸው። «ሌላ ሰው የማያደርገው፣ እሱ ብቻ የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው?»

«ኧረ እታለም፣ ልጄ ምንም ጉድለት የለበት።»

«ጉድለት አልጠየቅሁዎትም።»

ከዘራቸውን ከጉልበታቸው ወደ ጉልበታቸው አዛወሩ። ወደ በሩ አዩ። እኔንም አዩኝ፤ ብወጣ ደስ ይላቸው ነበር፣ ግን እኔ እንዲህ ካለ ነገር ወጥቼ አላውቅም።

«ግራኝ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ሌባ ነው የሚሉ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ልጅ ሳለ ማዕድ ሲቀርብ ግራ እጁን በመቀነት ያስሩት እንደነበረ፣ ካደገ በኋላም ሰው ፊት በቀኙ እንዲሠራ ይቆጡት እንደነበረ ነገሩን። በየእርሻው ሲጠይቁ መልኩን ተናግረዋል፣ ቁመቱን ተናግረዋል፣ የክርስትና አባቱን ስም ሳይቀር ተናግረዋል። ይህን አንዱን ነገር ብቻ ነው የደበቁት።

የሻረግ ማስታወቂያዬን አጣጥፋ ወንበሩ እንዳይንገዳገድ ከእግሩ ሥር ወተፈችው። ቅዳሜ እንወጣለን አለች። «እንወጣለን» ስትል እኔም እንዳለሁበት የገባኝ «ታዝማኒያ፣ ውሃውን የምትሸከም አንተ ነህ» ስትለኝ ነው።

ሰሊጥ ለማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ማለት አለብኝ። ሰሊጥ ሲታጨድ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ የሚታሰረውም በሣር ጠምዝዘው ነው። ከዚያ ነዶዎቹ ራስ ለራስ ተደጋግፈው ይቆማሉ፤ ያን ክምር ሂላ እንለዋለን። እስኪደርቅ እንዲያ ቆሞ ይቆያል፤ ከደረቀ በኋላ ፍሬው አፉን ስለሚከፍት የነካው ሰው ወዮለት፣ ይረግፋል። ታዲያ በቀኙ የሚያስር ሰው ሣሩን ወደ አንድ ወገን ነው የሚጠመዝዘው። በግራው የሚያስር ወደ ሌላው። የሰውን እጅ በመቀነት ማሰር ይቻላል፤ ያ እጅ ያሰረውን ግን ማንም ሊቀይረው አይችልም።

የሻረግ የማንንም ስም ሳትጠራ፣ ማንንም ሳታስደነግጥ፣ ሂላ ለሂላ እየዞረች፣ ተንበርክካ፣ ትንፋሿን ይዛ ማሰሪያ ማየት ጀመረች። በትራክተር ተሳቢ ተጭነን አንዱን እርሻ ጨርሰን ወደ ሌላው እንሄዳለን። ቅዳሜ አልፎ ቅዳሜ ይመጣል። አያ ታከለ ከኋላ ይከተላሉ። እኔ ጀሪካኑን እሸከማለሁ፤ ወደ ማታ ጀሪካኑ ይቀልላል፣ እኔ ግን አልቀልልም። ወኪል የምንላቸው የእርሻ አለቆች ሳቁብን። አንዱማ «መምህርት፣ ሰሊጡን ሊገዙት ነው ሊያገቡት?» አላት። «ከአንተ ይሻለኛል፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል» አለችው ቀና ሳትል።

አጨዳው እያለቀ ሲሄድ አያ ታከለ ሰለቹ። አንድ ቀን ፀሐዩ አናት ላይ እንዳለ እርሻው መሐል ቆሙና ይብቃ አሏት። ከዚህ በኋላ የቀረኝ እናቱን በምን አፌ እንደምነግራት ማሰብ ነው አሉ። ልባቸው ቀድሞ ለቅሶ ተቀምጧል።

«አፍዎን ለሌላ ነገር ያቆዩት» አለቻቸው። «ልጅዎ እስካሁን ተጠየቀ እንጂ አልተፈለገም። እኔ ገና ጉልበቴ አልደከመም። ሲደክም እነግርዎታለሁ፤ ያን ጊዜም በዳዴ እሄዳለሁ።»

ተቆጥታ ነበር። በእሳቸው አይደለም። ሰው አገሩ ቁጭ ብሎ አንድን ሕያው ልጅ በአፉ ሊቀብረው መሆኑ ነው ያናደዳት።

የእኔ ጉልበት ግን ደክሞ ነበር። የእሷን ዓይን ጠብቄ ወደ አንድ ሂላ ጥላ ጠጋ አልሁ። ልደገፍ ብቻ ነው ያሰብሁት። ሂላው የእኔን ሐሳብ አላወቀልኝም፤ ተያይዘን ወደቅን። ሰሊጡ እንደ በረዶ ዘነበ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ስወድቅ ሁለተኛውንም ይዤ መውደቄ ነው።

ወኪሉ ከሩቅ እየጮኸ መጣ። ነፋስ ያልጣለውን፣ ከብት ያልጣለውን፣ ሰው በመቀመጫው ይጥለዋል ወይ ይላል። እኔ ከነዶው መሐል እግሬን እየፈለግሁ ይቅርታ እላለሁ። የሻረግ ግን ወደ እኔም ወደ እሱም አላየችም። አንዱን ነዶ ከሥሬ መዝዛ አውጥታ ማሰሪያውን ዓይኗ ሥር አድርጋዋለች። ትንፋሿን ይዛለች። አያ ታከለ እሷን አይተው የራሳቸውንም ትንፋሽ ያዙ። እኔ ሳይንስን በጭንቅላቴ ላገለግል ተምሬ፣ ያገለገልሁት በመቀመጫዬ ነው።

ወኪሉን ስለ ሰው አልጠየቀችውም። እንዲህ ያለ አስተሳሰር የማን ሙያ ነው አለችው። ሰው የሚደብቅ ወኪል ሙያ መደበቅ አቃተው። «የዝምተኛው ነው እንጂ የማን ይሆናል» አለ፣ አሁንም በእኔ ላይ እንደተቆጣ። «የእሱ ሂላ እኮ ዝናብ ቢመጣ አይወድቅም ነበር። ያውላችሁ፣ ከዳር ያለው።»

ወዳመለከተው ዞርን። አጫጆቹ በመስመር አጎንብሰዋል። የሁሉም ማጭድ ባንድ ወገን ይሄዳል ይመለሳል፤ ከዳር ያለው የአንዱ ብቻ በሌላው ወገን።

አያ ታከለ ከዘራቸው ወደቀ። ሳያነሡት ሄዱ። አልሮጡም፣ አልተጣሩም፤ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ የሚሄዱ ይመስላሉ። ሲጠጉ ምናለ ቀና አለና አባቱን አየ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ማጭዱን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ እጁ ማዛወር ነበር።

«መልሰው» አሉት።

ልጁ አልገባውም።

«ወደ ግራህ መልሰው። በእሱ ነው ያገኘሁህ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሁም፤ ዓይኔ ውስጥ ሰሊጥ ገብቶ ነበር። እንዲያ ነው ያልኋቸው፣ ለእናንተም እንዲያው ነው። ኋላ እንደሰማነው ልጁ ባለፈው ዓመት ገና ሥራ ሳይዝ ወባ ጥሎት፣ ሲነሣ አጨዳው አልቆ፣ ባዶ እጁን መግባት አፍሮ ነው የቀረ። አባትና ልጅ በማግስቱ ወደ ደጋ ወጡ። ለቅሶ ሊቀመጥ የተዘጋጀው ዘመድ ምን እንደተቀመጠ አላውቅም። እኔ ከዓመታት በኋላ ጡረታ ወጥቼ ጎንደር ገባሁ፣ ምናለንም ዳግመኛ አላየሁትም።

የዚያን ቀን በተሳቢው ስንመለስ አሸነፍሽ አልኋት። ጉልበቷ ላይ ያለውን አፈር ሳታራግፍ «አንዷ ትቀረኛለች» አለችኝ። በቅርቡ፣ ዓይኗ ከደከመ በኋላ፣ በስልክ ሳዋራት ጥንዚዛሽን አገኘሻት ወይ ብዬ ተረብኋት። «አላገኘኋትም» አለች። «እሷም እኔን አላገኘችኝም። ሁለታችንም አለን።»

እንግዲህ ይችን ሴት ነው ዘሯ ጠፋ የሚሉብኝ።

ከድንኳኑ ወጥቼ፣ የምቆጣውን ሰው እያሰብሁ፣ ላብ ሲያጠምቀኝ የድንኳኑን ገመድ ይዤ ቆምሁ። ገመዱ ካስማው ላይ ታስሯል። አየሁት። ከዚያ መነጽሬን አውጥቼ አየሁት። ወደሚቀጥለው ካስማ ሄድሁ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው። ድንኳኑን ዞርሁት። ሁሉም ወደ ሌላው ወገን የተጠመዘዙ ናቸው።

ገብቼ ርዕሰ መምህሩን ከንግግሩ መሐል በእጁ ስቤ አወጣሁት። ሰው ሁሉ አበደ እንዳለኝ አውቃለሁ፤ ለአንድ ቀን ቢሆን ምን አለበት። ካስማው አጠገብ አቆምሁትና ተንበርከክ አልሁት። ሱሪው አዲስ ነው፣ አመነታ።

«ጠፋ ያልኸው ቆመህ ነው። ተንበርከክ።»

እሱ ሲያመነታ እኔ ቀድሜው ተንበረከክሁ። ያን ያህል ዓመት ስትለምነኝ እንቢ ያልኋትን ነገር በለቅሶዋ አደረግሁላት። አፈሩ ትኩስ ነበር። ልጁም አፍሮ ከጎኔ ተንበረከከ፤ ጣቱን ጥምዝዙ ላይ አድርጌ የአያ ታከለን ነገር እንደዚህ እንደነገርኋችሁ ነገርሁት። አጠር አድርጌ ነው የነገርሁት፤ ጉልበቴ ረዥም ታሪክ አይችልም። ሲሰማኝ ቆይቶ ያሰረውን ሰው ፍለጋ አንገቱን ወዲያ ወዲህ ያዞር ጀመር። ንግግሩን ረስቶታል።

ችግሩ መነሣቱ ላይ ነበር። ገመዱን ይዤ ልነሣ ብሞክር ድንኳኑ ሁሉ ወደ እኔ ዘነበለ፣ ውስጥ ያሉ ሴቶችም ጮኹ። ከኋላዬ አንድ ሰው ሮጦ መጣና ብብቴ ሥር ገብቶ ሳበኝ። ቀና ብዬ ሳየው ጢሙ ሸብቷል።

«ቲቸር ታዝማኒያ» አለኝ፣ «ይህንንም ሊጥሉብኝ ነው?»

የሳበኝ በግራ እጁ ነበር።